ትንንሾቹን የባሕር ፍጥረታት ለማየት የት ልሂድ? ሌምቤህ፣ ዳዊን፣ አኒላኦ ወይስ ቱላምቤን

መልሱን ከፊት ልንገራችሁ፣ ምክንያቱን ቀስ ብዬ አስረዳለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ ፊሊፒንስ፣ ዳዊን ሂዱ። ሃምሳ ስልሳ ጊዜ የጠለቃችሁና ገንዘብም ያጠራቀማችሁ ከሆነ ኢንዶኔዢያ፣ ሌምቤህ። ያላችሁ ዕረፍት አምስት ቀን ብቻ ከሆነ እዚያው ፊሊፒንስ ያለችው አኒላኦ። የማይጠልቅ ሰው አብሯችሁ ካለ ወይም ኪሳችሁ ሳሳ ካለ ደግሞ ኢንዶኔዢያ፣ ባሊ ደሴት ላይ ያለችው ቱላምቤን።

ግን አራቱም ጋ ሄዶ ምንም ሳያዩ መመለስ ይቻላል። እኔ ላይ ደርሷል። ዱባይ ስሠራ ፉጃይራ ወርጄ ዳይቪንግ ተማርኩ፣ እዚያው ዲባ አካባቢ አንዲት የባሕር ፈረስ አየሁና ልቤ እዚያው ቀረ። ዓመት ሙሉ አጠራቅሜ የመጀመሪያውን ትልቅ ጉዞ ስይዝ ግን ያወዳደርኩት ዋጋ ብቻ ነበር። ስድስት ጠላቂ በአንድ ጋይድ አሰማሩን። ጋይዱ አንድ ነገር ሲያገኝ የአየር ታንኩን በብረት ዘንግ ቀጭ ቀጭ ያደርጋል፣ ስድስታችንም እዚያች ነጥብ ላይ እንሰበሰባለን። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ያያሉ፣ ፎቶም ያነሳሉ። ሦስተኛው ሲጠጋ አሸዋው በፊን (እግር ላይ በሚጠለቀው መቅዘፊያ) ተመትቶ ይነሳና ውኃው የጀበና እጣቢ ይመስላል። የኔ ተራ አምስተኛ ነበር። እስከዚያ እንስሳው ወይ ገብቷል ወይ አይታይም። በአራት ቀን አሥር ጊዜ ጠልቄ በደንብ አየሁ የምለው ሁለት ነገር ብቻ ነው። በጣም ነው የተከፋሁት፤ እናንተም እንደዚያ እንዳትከፉ ነው ይህን የምጽፈው።

ስለዚህ ቦታ ከማወዳደራችን በፊት ይህቺን ያዙልኝ። በዚህ ዓይነት ጉዞ ገንዘባችሁ የሚገዛው የጋይዱን ዓይን ነው። ለሁለት ሰው አንድ ጋይድ የሚመድብ ካለ፣ ውድ ቢሆንም ክፈሉ። ለአራት ሰው አንድ ከሆነ ይሁን፣ ይቻላል። ከዚያ በላይ ከሆነ ቦታው የትም ይሁን የት ተዉት።

ለምን እንዲህ እንደምል በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። ሂፖካምፐስ ፖንቶሂ የምትባል፣ ከጣት ጥፍር እምብዛም የማትበልጥ የባሕር ፈረስ አለች። ስሟ የተወሰደው ሄንስ ፖንቶ ከሚባል የቡናከን ዳይቭ ጋይድ ነው። ሳይንቲስቶች በ2008 በስሙ የሰየሟት እሱ አስቀድሞ አይቷት ስላሳያቸው ነው። በየቀኑ አንድ ባሕር ውስጥ የሚውል ሰው ዓይን እንዲህ ነው። ጎረቤቱን እንደሚያውቅ ያውቃቸዋል፤ ፍሮግፊሹ (አካባቢውን መስሎ የሚደበቀው ዓሣ) ከሳምንት በፊት የቱ ድንጋይ ሥር እንደነበር፣ ትናንት ወዴት ፈቀቅ እንዳለ ይነግራችኋል።

ጭቃ ላይ ለምን?

ዳይቪንግ ሲባል ብዙ ሰው ሐሳቡ ላይ የሚመጣው ሰማያዊ ውኃና ባለቀለም ኮራል ነው። ትንንሾቹና እንግዳ የሆኑት ፍጥረታት ግን በብዛት የሚገኙት ጠቆር ያለ የእሳተ ገሞራ አሸዋ ላይ ነው። ደለል ላይ፣ የወደቀ ጎማ ሥር፣ ጠርሙስ ውስጥ። ይህን መክ ዳይቪንግ ይሉታል፣ መክ ማለት ጭቃና ዝቃጭ ነው። ስሙን ያወጣለት ቦብ ሃልስቴድ የሚባል ሰው ሲሆን ቦታውም ፓፑዋ ኒው ጊኒ፣ ሚልን ቤይ ነው።

ሜዳው ባዶ ስለሆነ መደበቂያ የለም። መደበቂያ በሌለበት የሚኖር እንስሳ በራሱ አካል መደበቅ አለበት። ለዚህ ነው ፍሮግፊሽ ስፖንጅ የሚመስለው፣ ሚሚክ ኦክቶፐስ ደግሞ እግሮቹን ዘርግቶ ወይም ሰብስቦ መርዛም እንስሳ የሚመስለው። ሚሚክ ኦክቶፐስ ሱላዌሲ አካባቢ የታየው በ1998 ነው፣ ሳይንሳዊ ስም ያገኘው ግን በ2005። እንዲህ ያለ እንስሳ እስከ ትናንት ስም አልነበረውም ማለት ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ይሄ ነው።

ቀይ ባሕር ቅርባችን እያለ ለምን ያን ያህል እንርቃለን ትሉ ይሆናል። ቀይ ባሕርን ማንም አያጣጥለውም፣ ለጠራ ውኃና ለኮራል ወደር የለውም፣ ኤይላትና ዳሃብ ላይም ኑዲብራንክ የሚባለው ቅርፊት አልባ የባሕር ቀንድ አውጣና ፍሮግፊሽ ይገኛል። ለመማር እዚያ ተማሩ። የኦክቶፐስ ዘመድ የሆነችውን ፍላምቦያንት ካትልፊሽንና ባለቀለሙን ማንዳሪን ዓሣን ግን እዚያ አታገኟቸውም። አራቱም የማወዳድራቸው ቦታዎች ኮራል ትራያንግል በሚባለው የባሕር ክልል ውስጥ ናቸው፤ በዓለም ከሚታወቁት የኮራል ዝርያዎች ሦስት አራተኛው ያህል የሚገኘው እዚያ ነው። የትንንሾቹም ብዛት እንደዚያው ነው።

ሌምቤህ

ሌምቤህ በሱላዌሲ ደሴት ሰሜን ጫፍ፣ በቢቱንግ ወደብና በሌምቤህ ደሴት መካከል ያለ ጠባብ የባሕር መተላለፊያ ነው። ርዝመቱ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውሮፕላኑ ማናዶ ያወርዳችኋል፣ ከዚያ በመኪና ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ቀጥሎ ለአንዳንዱ ሎጅ አጭር ጀልባ። መንገዱ ያደክማል። ከደረሳችሁ በኋላ ግን ሁሉም ነገር እዚያው ነው፤ አብዛኛው የመጥለቂያ ቦታ ከሎጁ የጥቂት ደቂቃ ጀልባ ነው፣ በቀን ሦስት ጊዜ ጠልቆ ማታ አራተኛ መጨመር ይቻላል።

ሄርቦል የምትባል ቦታ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ጋይዱ ዘንጉን አሸዋው ላይ ተክሎ ቆመ። ፊቱ ያለው፣ እኔ እንደማየው፣ የበሰበሰ የባሕር ሣር ነው። ጠበቅሁ። ትንፋሼ እንኳ እንዳይረብሸው ቀስ እያልኩ መተንፈስ ጀመርኩ። አንድ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ሣሩ ከግንባሩ ላይ ትል የምትመስል ነጭ ነገር አወጣና ወዝወዝ አደረጋት። ያኔ ዓይኑ ታየኝ፣ ከዚያ አፉ፣ ከዚያ እንደ እግር የቆመባቸው ክንፎቹ። ፀጉራሙ ፍሮግፊሽ ነው። ትሏ ማጥመጃው ናት። ትንሽ ዓሣ ትል መስሏት ስትጠጋ አፉን ከፍቶ የሚውጣት በ6 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ስለሆነ የሰው ዓይን አያየውም፤ ዓሣዋ ነበረች፣ የለችም። በዚያ ዳይቭ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየን። የተጓዝነው መንገድ ከአንድ መለስተኛ ግቢ አይበልጥም።

ሌላው ሌምቤህን የሚያስመርጠኝ ኮኮነት ኦክቶፐስ ነው። የዛጎል ክዳን ወይም የኮኮናት ቅርፊት ግማሽ ሥሩ ሸጉጦ፣ በቀሩት እግሮቹ እንደ ምርኩዝ እየተደገፈ ይሄዳል። አደጋ ሲያይ ቁጭ ይልና ሁለቱን ግማሾች ገጥሞ ይዘጋባቸዋል። ይህንን ጠባዩን ተመራማሪዎች ሰሜን ሱላዌሲና ባሊ ላይ ተከታትለው በ2009 ጽፈውታል። ሎጃችሁ ፊት ለፊት ልታዩት ትችላላችሁ።

የማልደብቀው ነገር አለ። ሌምቤህ ቆሻሻ አለበት። ቢቱንግ ትልቅ ወደብ ስለሆነ ፕላስቲኩ በውኃው ጅረት እየተገፋ ይመጣል። ጽዋና ቆርቆሮ ውስጥ ኦክቶፐስ ተቀምጦ ማየት መጀመሪያ ያስደስታል፣ ሲደጋገም ግን ያሳዝናል። ውኃውም እንደ ቀይ ባሕር የጠራ አይደለም። የባሕር ዳርቻ ሽርሽር፣ የማታ ከተማ፣ ገበያ የሚባል ነገር የለም። የማይጠልቅ ባለቤታችሁን ይዛችሁ ብትሄዱ በሁለተኛው ቀን ይኮርፋል። ዋጋውም ከአራቱ ከበድ ይላል፤ ግን ብዙዎቹ ሎጆች ምግቡንም ጋይዱንም አንድ ላይ ስለሚያስከፍሉ ስታሰሉት ከሚመስለው ያነሰ ነው።

ዓመቱን ሙሉ ይጠለቃል። በፈረንጆቹ ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር፣ ማለትም እኛ ክረምት ላይ ስንሆን፣ ውኃው ይቀዘቅዛል፣ እስከ 25 ዲግሪ ይወርዳል። እንስሳቱ የሚበዙት ያኔ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው፣ እኔም እስማማለሁ። 25 ዲግሪ ለመዋኛ ሞቃት ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ሳትንቀሳቀሱ ለመቆየት ግን ቀዝቃዛ ነው። 5 ሚሊ ሜትር ዌትሱት (የመጥለቂያ ልብስ) እና የራስ መሸፈኛ ያዙ። ሰው ሁሉ ቀጭን ለብሶ ይሄድና ሦስተኛው ዳይቭ ላይ ጥርሱን ያንቀጫቅጫል፣ እየተንቀጠቀጠ ደግሞ ምንም አያይም።

ዕረፍታችሁ ረዘም ካለ መጨረሻ ላይ ሁለት ቀን ቡናከን ጨምሩ። በ1991 ብሔራዊ ፓርክ የሆነ፣ ማናዶ ፊት ለፊት ያለ የደሴት ቡድን ነው። ገደል የሆነ የኮራል ግድግዳ፣ ኤሊ፣ የጠራ ውኃ። ከሳምንት ጥቁር አሸዋ በኋላ ዓይን ያርፋል።

ዳዊን

እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ሲጠይቀኝ ሳላመነታ የምለው ዳዊን ነው። ኔግሮስ ደሴት ላይ፣ ከዱማጌቴ ከተማ ግማሽ ሰዓት ከምናምን በመኪና። ከማኒላ ዱማጌቴ አውሮፕላኑ አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው።

እዚህም አሸዋው ጥቁር ነው፣ ከባሕሩ ዳር ጀምሮ ቀስ እያለ ይወርዳል። ለጀማሪ ጥሩ የሚያደርገው ይሄ ነው። ብዙዎቹ ቦታዎች ከአምስት ሜትር ጀምረው እስከ ሃያ ምናምን ሜትር ናቸው፣ የመጀመሪያው የኦፕን ዋተር ፈቃድ ደግሞ 18 ሜትር ድረስ ስለሚፈቅድ የሚቀርባችሁ ነገር ጥቂት ነው። ወደ ታች ተዳፋቱ ላይ የአካባቢው ሰው ጎማ እየከመረ የሠራቸው ሰው ሠራሽ ሪፎች (የዓሣ መጠለያዎች) አሉ። ባዶ ሜዳ ላይ እንደተተከለ ዛፍ ሁሉ ነገር እዚያ ይሰበሰባል። ፍሮግፊሽ፣ የባሕር ፈረስ፣ የእሱ ዘመድ የሆነው ጎስት ፓይፕፊሽ፣ እድላችሁ ከቀናም ፍላምቦያንት ካትልፊሽ። ይቺ ጣት የምታክል ካትልፊሽ ከመዋኘት ይልቅ በአሸዋው ላይ በእግሯ መሄድ ትመርጣለች፣ ስትናደድ ሐምራዊና ቢጫው እንደ ኒዮን መብራት በሰውነቷ ላይ ይመላለሳል።

የባሕር ዳርቻው ላይ ተከታትለው የተከለሉ ትንንሽ የጥበቃ ክልሎች አሉ፣ ለየአንዳንዱ ትንሽ ክፍያ ትከፍላላችሁ። በደስታ ክፈሉ። ለክፍያው ምክንያት አለው፤ ፊት ለፊት የምትታየው አፖ ደሴት ዓሣ አጥማጆቿ ራሳቸው ከሲሊማን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ጋር ተመካክረው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ባሕራቸውን ከልለው ዓሣውን መልሰው ያበዙ ናቸው። አንድ ቀን ከጥቁሩ አሸዋ ወጥታችሁ አፖ ሂዱ። ኤሊዎቹ ጥልቀት በሌለው ውኃ ሣር ይግጣሉ፣ ማስክና መተንፈሻ ቱቦ ብቻ ያለውም ሰው ያያቸዋል።

ረቡዕ ቀን እዚያ ከሆናችሁ ደግሞ ጠዋቱን ዳይቭ ዝለሉና ማላታፓይ ገበያ ሂዱ። በሬው፣ ፍየሉ፣ አሳማው፣ ዶሮው፣ ባሕሩ ዳር የቆመ ጫጫታ ገበያ ነው። የሀገር ቤት የገበያ ቀን ትዝ ይላችኋል፣ እኔስ ትዝ ብሎኛል።

ዳዊን ከሌምቤህ የሚያንሰው በምንድን ነው? በብርቅዬዎቹ። ሌምቤህ ሳምንት ሙሉ በየዳይቩ አዲስ ነገር ያመጣል፣ ዳዊን ከአምስተኛው ቀን በኋላ ያያችሁትን መድገም ትጀምራላችሁ። ለጀማሪ ግን ይሄ ጉድለት አይደለም። አንድን ፍሮግፊሽ ሦስት ቀን ተመላልሶ ማየት ዓይንን ያስለምዳል፣ በአራተኛው ቀን ጋይዱ ሳያሳያችሁ ራሳችሁ ታገኙታላችሁ። የዚያን ቀን ደስታ እኔ ከየትኛውም ብርቅዬ አስበልጠዋለሁ።

አኒላኦ

አኒላኦ ከማኒላ በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ሦስት ሰዓት ነው፣ ባታንጋስ ግዛት ውስጥ። የሀገር ውስጥ በረራ የለም፣ የሻንጣ ኪሎ ጭንቀት የለም። አጭር ዕረፍት ላለው ሰው ትልቅ ነገር ነው።

አኒላኦ የኑዲብራንክ ቤት ነው። ኑዲብራንክ ቅርፊቱን የጣለ የባሕር ቀንድ አውጣ ነው፤ ቀለማቸው ተዘርዝሮ አያልቅም። እዚያው ቅጠል በምትመስል አልጌ ላይ ሌላ ዘመዳቸው አለች፣ ኮስታሲየላ ትባላለች፣ ከምስር ፍሬ እምብዛም የማትበልጥ፣ ፊቷ የበግ ግልገል የሚመስል። አልጌ ትበላና አረንጓዴውን ክሎሮፕላስት (ተክል በብርሃን ምግቡን የሚሠራበትን ክፍል) ሳትፈጨው ጀርባዋ ላይ ታኖረዋለች። እሷን በባዶ ዓይን ለማየት መታገል አያስፈልግም፣ ማጉያ መነጽር ያዙ።

ለልምድ ያላቸው ጠላቂዎች ደግሞ ብላክ ዋተር የሚሉት አለ። ማታ ጀልባዋ ጥልቅ ውኃ ላይ ትወጣለች፣ መብራት የታሰረበት ገመድ ወደ ታች ይለቀቃል፣ እናንተ ጨለማው ውስጥ ገመዱን እያያችሁ ተንሳፍፋችሁ ትጠብቃላችሁ። ከጥልቁ ወደ ላይ የሚመጡት እንደ መስታወት የሚያሳልፉ የዓሣና የኦክቶፐስ ጨቅላዎች ናቸው። ታች መሬት የለም። ለጀማሪ በፍጹም አልመክርም። ውኃ ውስጥ ሚዛኑን የሚጠብቅ ሰው ግን አንዴ ሊያየው ይገባል።

ወቅቱን ተጠንቀቁ። አኒላኦ ባለባት በሉዞን ደሴት በኩል አውሎ ነፋሱ በብዛት ከጁን እስከ ኖቬምበር ነው። ከዲሴምበር እስከ ሜይ ያለው ይሻላል። ቅዳሜና እሑድ የማኒላ ሰው ስለሚሞላው ከሰኞ እስከ ዓርብ ያዙት።

ቱላምቤን

ቱላምቤን ባሊ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው በመኪና ሦስት ሰዓት ገደማ፣ አጉንግ ተራራ ሥር ያለች ትንሽ ቦታ ናት። ጀልባ አያስፈልግም። ከባሕሩ ዳር በእግር ትገባላችሁ። ዋጋው የቀነሰው ለዚህ ነው። ዳርቻው ግን አሸዋ ሳይሆን ድቡልቡል ድንጋይ ስለሆነ ታንክ ተሸክሞ መሄድ ይከብዳል፣ ጥሩ ሶል ያለው ጫማ ግድ ነው። የመንደሩ ሴቶች ታንኩን በራሳቸው ላይ አድርገው ድንጋዩን እንደ ሜዳ ይሄዱበታል። ጉርሻ አትሰስቱባቸው።

ሰው የሚጎርፈው ለሊበርቲ መርከብ ነው። በጃንዋሪ 1942 የጃፓን ሰርጓጅ መታት፣ ዳር ላይ ተጎትታ ቀረች፣ በ1963 እሳተ ገሞራው አጉንግ ሲፈነዳ ባሕር ውስጥ ገፍቶ አስገባት። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ካልገባችሁ በሰው ብዛት አትደሰቱም። ለትንንሾቹ ግን ወደ ሰራያ በኩል ወዳለው ጥቁር አሸዋ ሂዱ። ሃርለኩዊን ሽሪምፕ እዚያ ይገኛል፤ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይኖራሉ፣ የባሕር ኮከብ ገልብጠው ከእግሯ ጫፍ እየጀመሩ ቀስ በቀስ ይበሏታል። ያምራሉ፣ ይጨክናሉም።

አብሯችሁ የማይጠልቅ ሰው ካለ ባሊ ከሁሉም ይሻላል። ለሌላው ነገር የኔ ሦስተኛ ምርጫ ነው።

ፓስፖርት

አንዳንዴ ምርጫው እዚህ ያልቃል። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትጓዙ ከሆነ ፊሊፒንስ የመመለሻ ቲኬትና ከ6 ወር በላይ የሚያገለግል ፓስፖርት ለያዘ እስከ 30 ቀን ያለ ቪዛ ታስገባለች፣ ከመድረሳችሁ በፊት ባሉት 72 ሰዓታት ውስጥ ኢትራቭል የሚባለውን ፎርም ኦንላይን ትሞላላችሁ። ሕግ ይለወጣልና ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ኤምባሲውን ጠይቁ። ለኢንዶኔዢያ ቪዛውን ቀድማችሁ ጀምሩ፣ ጊዜ ስጡት። ዓረብ ሀገር ያላችሁ ደግሞ የመኖሪያ ፈቃዳችሁ እስክትመለሱ መቆየቱን እዩ።

የአሜሪካ ወይም የአውሮፓ ፓስፖርት ላለው ኢንዶኔዢያም ቀላል ነው፣ ሲደርሱ 500,000 ሩፒያ ተከፍሎ የ30 ቀን ቪዛ ይሰጣል፣ ቀድሞ ኦንላይን መጨረስም ይቻላል። የእስራኤል ፓስፖርት የያዛችሁ ግን ሁለቱ ሀገሮች የዲፕሎማሲ ግንኙነት ስለሌላቸው ሌምቤህንና ቱላምቤንን ተዉትና ዳዊንን ወይም አኒላኦን ምረጡ። ፊሊፒንስ ያለ ቪዛ ያስገባችኋል።

ባሕረ ሰላጤው ላይ የምትኖሩ አንድ ተጨማሪ ዕድል አላችሁ። ፊሊፒኖ የሥራ ባልደረባ የሌለው ሰው የለም። ጠይቋቸው። የቤት ኪራይ ዋጋ፣ ከማኒላ አየር ማረፊያ የሚያወጣ የታመነ ሾፌር፣ የበዓል መጨናነቅ፣ ይህን ሁሉ ከማንም ድረ ገጽ በተሻለ ይነግሯችኋል።

ከመሄዳችሁ በፊት

ውኃ ውስጥ ሚዛናችሁን መጠበቅ ተማሩ። አሸዋ ላይ የምትወድቁ፣ በፊን ደለል የምትበትኑ ከሆነ ለራሳችሁም ለሌላውም አይሆንም። መዋኛ ገንዳ ውስጥ ወለሉን ሳትነኩ ከፍ ሳትሉ አምስት ደቂቃ ቁሙ። እግርን ወደ ላይና ወደ ታች ከመምታት ይልቅ እንደ እንቁራሪት ወደ ጎን መቅዘፍ ተለማመዱ። ይህን ከሠራችሁ ግማሹ ጉዞ አልቋል።

ዕድሜያችሁ ከአርባ ካለፈና ስልክ ራቅ አድርጋችሁ ማንበብ ከጀመራችሁ ማስካችሁ ላይ ታች በኩል የማንበቢያ ሌንስ አስለጥፉ። ብዙ ሰው ሳያየው የሚመለሰው እንስሳው ስለሌለ ሳይሆን ቅርቡ ስለሚደበዝዝበት ነው። ፒግሚ የባሕር ፈረስ ሁለት ሳንቲ ሜትር ነው፣ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ኮራል ላይ ተጠምጥሞ ሰውነቱ ላይ ያሉት ጉብጉቦች ከኮራሉ እምቡጦች አይለዩም። በ1969 ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው እንኳ ኮራሉ ለናሙና ተቆርጦ ኒው ካሌዶኒያ ጠረጴዛ ላይ ሲመረመር ነው። ባሕር ውስጥ ማንም አላየውም ነበር።

ካሜራ ካላችሁ ኦሊምፐስ ቲጂ የሚባሉት ትንንሽ ካሜራዎች ለጀማሪ ይበቃሉ፣ ቅርብ ላይ ጎበዞች ናቸው። ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ባዶ እጃችሁን ጥለቁ። እለምናችኋለሁ። ዓይናችሁ ይቅደም።

ሎጁን ስትመርጡ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ይህን ጻፉላቸው፦ ለአንድ ጋይድ ስንት ሰው ነው? ዳይቩ በስንት ደቂቃ ይቆማል? 50 ደቂቃ ካሉ ለዚህ ሥራ አይበቃም። ናይትሮክስ (ኦክስጅን የበዛበት የመተንፈሻ አየር) አላችሁ? ጋይዶቻችሁ እንስሳ ይነካሉ? የመጨረሻው ጥያቄ ላይ የሚሰጡት መልስ ብዙ ይናገራል። አንዳንድ ጋይድ ለፎቶ ብሎ እንስሳውን በዘንግ ይገፋል፣ ከኮራሉ ላይ ያዞረዋል። ጉርሻ የሚያስገኝለት ፎቶ ስለሆነ ነው፣ እሱን ብቻ አትውቀሱት። ውኃ ከመግባታችሁ በፊት በግልጽ ንገሩት፦ «ባላይ ይሻለኛል፣ አትንካብኝ።» ደስ ይለዋል። ከካሜራ ፍላሽ ይልቅ የበለጠ የሚረብሻቸው መነካካቱ ነው። ባለሰማያዊ ቀለበቷን ኦክቶፐስ ደግሞ ለራሳችሁ ስትሉ አትንኩ፤ መዳፍ የማትሞላ ናት፣ ለመርዟ ግን ማርከሻ የለውም።

የዳይቪንግ ኢንሹራንስ ለብቻው ግዙ። ተራ የጉዞ ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ ይህን አይሸፍንም።

የመጨረሻ ቀን

ቀን በቀን ስትጠልቁ የሰነበታችሁ ከሆነ ከመብረራችሁ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት ውኃ ውስጥ አትግቡ የሚለው የተለመደው መመሪያ ነው። አዲስ አበባ ለምትገቡ ግን እኔ 24 ሰዓት ሙሉ ቁሙ እላለሁ። ምክንያቱ ይህ ነው። የአውሮፕላን ውስጥ አየር ቢበዛ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳላችሁ ሆኖ ይስተካከላል። ቦሌ ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ የሚያርፍ ሰው ሲወርድ ወደ ባሕር ጠለል ግፊት ይመለሳል። እናንተ ግን ከአውሮፕላኑ ወርዳችሁም ሰውነታችሁ እዚያው ከፍታ ላይ ነው፤ በደማችሁ የቀረው ናይትሮጅን ፋታ አያገኝም።

ስለዚህ የመጨረሻዋን ቀን ያለ ዳይቭ እንድታልፍ አስቀድማችሁ አቅዱ።  ሌምቤህ ከሆናችሁ ታንግኮኮ ጫካ ሂዱ፣ ከቢቱንግ ሩቅ አይደለም። ቀን ጥቁሮቹን የሱላዌሲ ጦጣዎች ታያላችሁ። ሲመሽ አስጎብኚው አንድ ትልቅ የሾላ ዛፍ ሥር ያቆማችኋል፣ ባትሪውንም ያጠፋል። ዝም ትላላችሁ። ከዚያ ከግንዱ ስንጥቅ ውስጥ መዳፍ ላይ የምታርፍ ታርሲየር ብቅ ትላለች፤ እያንዳንዱ ዓይኗ ከአንጎሏ እኩል ነው፣ አንገቷን ወደ ኋላ ሙሉ አዙራ ታያችኋለች፣ ከዚያ ዘልላ ጨለማው ውስጥ ትገባለች።